ለከርሞ የተባለ ጉዞ

 

በየቤታችን አብዝተን የምንጠቀምበት፣ አብዝተንም የምንበድለው አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ኢንሻአላህ» ነው። ልጅ «አባዬ፣ ቅዳሜ ትወስደኛለህ?» ሲል «ኢንሻአላህ» እንለዋለን። እናት «ልጄ፣ እኅቴ ዘንድ የምትወስደኝ መቼ ነው?» ስትል «ኢንሻአላህ እማዬ» እንላታለን። ልናደርገው ቆርጠን፣ ፈቃዱን ለባለቤቱ ትተን ያልነው ከሆነ ቃሉ በቦታው ገብቷል። ብዙ ጊዜ ግን «አይሆንም» ማለትን እናፍርና ቃሉን የእምቢታችን መሸፈኛ እናደርገዋለን።

ባለፈው ሰሞን ለአንድ ተማሪያችን «ደብተርህን ነገ አያለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብንለው፣ «መምህር፣ የምር ኢንሻአላህ ነው ወይስ የቤት?» ብሎ ጠየቀን። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እኛም አብረን ሳቅን። ማታ ግን ሳቁ አለፈና ጥያቄው ከእኛ ጋር ቀረ። በአባታችን ላይ «የቤት ኢንሻአላህ» ብለን ሃያ ዓመት ያዘገየነው አንድ የቀን ጉዞ ነበርና እርሱን አስታወስን። ዛሬ የምናወጋችሁም ይህንኑ፣ ወደ ጢስ አባይ ፏፏቴ ያደረግነውን ጉዞ ነው።

ውሃ ያሠራቸው ሰው

አባታችን ዕድሜያቸውን በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ፋብሪካው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተቋቁሞ በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው የጢስ አባይ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተሠርቶ ለከተማውና ለፋብሪካው ኤሌክትሪክ መስጠት ጀመረ። ኃይሉ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ከተሠራው ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ነው፤ ወንዙ ግን ያው አባይ ነው።

አባታችን በፋብሪካው የተቀጠሩት በ1957 ዓ.ም.፣ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ከአባታቸው የሸማ ሥራ ተምረው ነበርና፣ መወርወሪያው ያለ ሰው እጅ ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ባዩ ጊዜ ደንግጠው «ይህን የሚወረውረው ማን ነው?» ብለው የክፍሉን አለቃ ጠየቁ። ሰውዬውም «ውሃ ነው» ሲል መለሰላቸው። አባታችን ይህን መልስ እስከ ዛሬ ድረስ ይደጋግሙታል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ስንገበያይበት የኖርነውን የድሮውን የአንድ ብር ኖት የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ፤ ከጀርባው ያለው ሥዕል የጢስ አባይ ፏፏቴ ነበር። እንግዲህ አባታችን ቀን ቀን አባይ የሚያንቀሳቅሰውን ማሽን ሲጠብቁ ውለው፣ ወሩ ሲያልቅ የአባይ ሥዕል ያለበትን ብር ቆጥረው ይቀበሉ ነበር ማለት ነው። እኛም በዚያ ብር በልተን፣ በዚያ ብር ደብተር ተገዝቶልን፣ ጧት ትምህርት ቤት ከሰዓት መድረሳ እየተመላለስን አደግን። ፏፏቴው ከቤታችን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው፤ አባታችን ግን አንድም ቀን ሄደው አይተውት አያውቁም። ሥራው በፈረቃ ነው፤ የዕረፍት ቀን ሲገኝ ደግሞ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ የሚጠገን ጣሪያ አለ።

ውሃ የሌለበት ፏፏቴ

እኛ ፏፏቴውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው በሚያዝያ ወር 1995 ዓ.ም.፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን ነበር። በአንድ አሮጌ አውቶቡስ ተጨናንቀን፣ አቧራውን እየዋጥን፣ እየዘመርንም ሄድን። ከጢስ አባይ ከተማ ወርደን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻገርን፤ ዳገቱን እየተጋፋን ወጣን፤ ከፏፏቴው ትይዩ ስንደርስ ግን ዝም አልን። ከፊታችን ያለው 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ወዲያና ወዲህ የተዘረጋ ጥቁር ገደል ነው። በአንድ ጥጉ ነጭ ክር የመሰለ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። ብሩ ላይ ያለው ውሃ የለም። አንዱ ጓደኛችን ከኪሱ ብር አውጥቶ እያመሳከረ «ተሳስተን ሌላ ቦታ መጥተን ይሆን?» ብሎ አሳቀን።

ማታ ቤት ስንገባ አባታችን የፋብሪካ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ደጅ ተቀምጠዋል። «እህሳ፣ ታላቁን ውሃ አያችሁት?» አሉ።

«አባባ፣ ምንም የለም። ድንጋይ ብቻ ነው» አልናቸው።

አባታችን ፊታቸውን ቅጭም አደረጉና «እንዴት አይኖርም? ማሽኑ ሲሠራ አይደለም እንዴ የዋለው?» አሉን።

በዚያ ዕድሜያችን ይህን የሽማግሌ ቀልድ አድርገን ወስደነው ነበር። ኋላ ስንማር፣ ከዚያም ስናስተምር ግን አባታችን እውነታቸውን እንደ ነበር ገባን። ወጣት አንባቢያን ነገሩን እንዲረዱት ጥቂት እናብራራው።

አባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ገደሉ ጫፍ ከመድረሱ በፊት የውሃው አንዱ ክፍል በቦይ ይጠለፋል። ቦዩ ውሃውን ወደ ማመንጫው ይወስደዋል፤ እዚያ ከከፍታ በቱቦ ቁልቁል ሲለቀቅ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ከዚያም ከፏፏቴው በታች ተመልሶ ከወንዙ ይቀላቀላል። ስለዚህ ውሃው አልጠፋም፣ ማንም አልጠጣውም። በገደሉ ላይ መውደቁን ትቶ በሌላ መንገድ ወረደ እንጂ። ዐይን የሚያየው ፏፏቴ ሲቀንስ አምፖሉ ይበራል፤ ውሃው ሁሉ በገደሉ ላይ ከወረደ ደግሞ ተርባይኑ ይቆማል። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ሲጨመር ወደ ቦዩ የሚገባው ውሃ እጅግ በዛ። በዚህ ላይ እኛ የሄድንበት 1995 ዓ.ም. ዝናብ ያጠረበት ዘመን ነበር፤ የጣና ውሃ እጅግ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ በሐይቁ ላይ የመርከብ ጉዞ እስከ መስተጓጎል ደርሶ ነበር። እኛ ደግሞ በበጋው መጨረሻ ሄደን «ምንም የለም» ብለን ተመለስን።

ከርሞ የማይመጣ ሲሆን

አባታችን በዚያች ማታ ያሉን ሌላም ነገር ነበር። «ክረምቱ ሲወጣ እኔንም ውሰደኝ። ያሠራኝን ጌታ ልየው» አሉ። እኛም «ኢንሻአላህ አባባ፣ ለከርሞ» አልናቸው።

በ1996 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ያን ጊዜ ገበያ ደርሰው በእግራቸው የሚመለሱ፣ ጤፍ ተሸክመው የሚገቡ ጠንካራ ሰው ነበሩ። መስከረም ጠባ፤ እኛ ግን የአሥረኛ ክፍል ፈተና አለብን አልን። በሌላው መስከረም «ለከርሞ» ተባለ። ኮሌጅ ገባን፤ «ስመረቅ» አልን። ተመርቀን ሩቅ ወረዳ ተመደብን፤ «ስዛወር» አልን። ተዛወርን፤ ኒካሕ ታሰረ፤ ልጅ ተወለደ፤ ቤት ኪራይ ጨመረ። ምክንያቶቹ ሁሉ እውነት ነበሩ፤ አንዱንም አልዋሸንም። ዳሩ ግን ሃያ እውነተኛ ምክንያቶች ተደምረው አንድ ትልቅ ውሸት ሆኑ። አባታችን በየመስከረሙ ይጠይቁ ነበር፤ ከዚያ መጠየቅ ተዉ። መጠየቅ መተዋቸውን ግን እኛ አላስተዋልንም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨን።

በመካከሉ ዓለም ተለዋወጠ። በ2002 ዓ.ም. የአንድ ብር ሳንቲም ወጥቶ ፏፏቴ ያለበት ኖት ከእጃችን እየጠፋ ሄደ። በዚያው ዓመት 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የጣና በለስ ጣቢያ ተመርቆ፣ የጣናን ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ማሳለፍ ጀመረ። የጢስ አባይ ጣቢያዎችም እንደ ቀድሞው ዋና መሆናቸው ቀረ። የአባታችን ጉልበት ደግሞ መታጠፍ እንቢ አለ።

በመጨረሻ ያንቀሳቀሰን የዘጠኝ ዓመት ልጃችን ናት። በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ከአያቷ ሣጥን ውስጥ አንዲት የድሮ የአንድ ብር ኖት አግኝታ «አባባ፣ ይህ ውሃ የት አገር ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እዚሁ እኛው አገር ነው።»

«አይተውታል?»

አባታችን አልመለሱላትም፤ ወደ እኛም አልተመለከቱም። ብሩን አጥፈው ወደ ሣጥኑ መለሱት። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም።

በመስከረም 2015

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ ፈጅር ሰግደን ከሰፈራችን ሰው አንድ ሚኒባስ ተከራየን። የልጆቻችን እናት ሌሊቱን ሳምቡሳ ስትጠብስ አድራለች፤ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በፔርሙዝ ቡናና ሻይ፣ የመስገጃ ምንጣፍ ተጫነ። አባታችን ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ። መንገዱ ዳርና ዳር አደይ አበባ ነው፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። ልጆች ሲንጫጩ እርሳቸው ዝም ብለው ወደ ፊት ያያሉ።

ጢስ አባይ ከተማ ደርሰን ትኬት ቆረጥን። የድንጋዩ ድልድይ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ስላለው ለአባታችን አልሆነም። ስለዚህ ከፏፏቴው በላይ ባለው መሻገሪያ በጀልባ ለመሄድ ወሰንን። ጀልባዋ ላይ በሁለት ሰው ተደግፈው ወጡ፤ ወዲያ ማዶም ወረዱ። ከዚያ እስከ ፏፏቴው ትይዩ በጤነኛ እግር ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። አባታችን መቶ እርምጃ ያህል ሄዱ። ጭቃው ያዳልጣል፤ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሲደርሱ ቆሙና «እዚህ ይበቃኛል። እናንተ ሂዱ» አሉን።

«አባባ፣ እንሸከምዎታለን» አልናቸው።

«እኔ ሬሳ አይደለሁም» ብለው ሳቁ። «ልጆቹን አሳዩልኝ። እኔ እሰማዋለሁ።»

የልጆቻችን እናት አብራቸው ቀረች። እኛ ልጆቹን ይዘን ሄድን።

ምን አየን? እውነቱን ለመናገር በ1995 ያየነው ገደል መሆኑን ማመን አቃተን። ያ ጥቁር ዐለት የለም፤ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ለብሷል። የክረምቱን ጭቃ ይዞ ቡናማ የሆነው አባይ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይነጣል፤ ከታች ሲያርፍ ጢስ ሆኖ ተመልሶ ይወጣል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ያዩትን ነው የተናገሩት። ከነፋሱ ጋር የሚመጣው ካፊያ ልብሳችንን አራሰው፤ ፀሐይ ስትወጣም በካፊያው ላይ ቀስተ ደመና ተዘረጋ። ልጆቹ ጮኹ፤ ጩኸታቸው ግን አይሰማም፤ አፋቸው ሲከፈት ብቻ ይታያል። እኛም ከከንፈራችን የወጣው «ሱብሐነላህ» ብቻ ነበር።

በዚህ መካከል የአምስት ዓመቱ ልጃችን እጃችንን አስለቅቆ ወደ ርጥቡ ዐለት ሮጠ። መንገድ መሪያችን፣ የዚያው መንደር ወጣት፣ በሁለት ዝላይ ደርሶ በሸሚዙ አንገት ያዘው። ልጁ ከቆመበት እስከ ገደሉ አፍ ሦስት እርምጃ አይሞላም ነበር። ወጣቱ ምንም አልተናገረንም፤ ልጁን አምጥቶ እጁን በእጃችን ውስጥ አስገባና ጣቶቻችንን ጨምድዶ ዘጋልን። የልጅን እጅ እንዴት መያዝ እንደሚገባ በዚያች ቀን ተማርን።

ስንመለስ አባታችን ዛፉን ተደግፈው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ተኝተው መስሎን ልጆቹን ዝም አሰኘን። እርሳቸው ግን ዐይናቸውን ሳይገልጡ «ሰማሁት» አሉ። «ይህን ድምፅ ዐውቀዋለሁ። የፋብሪካው ድምፅ ነው። ማሽኑ ሁሉ አንድ ላይ ሲነሣ እንዲህ ነበር የሚለው።»

ከዚያ ልጆቹን በየተራ «አንተ ምን አየህ? አንቺስ?» እያሉ ጠየቋቸው። ታላቂቱ ስለ ቀስተ ደመናው ነገረቻቸው። ትንሹ «አባባ፣ ውሃው ይጨሳል፤ ግን አያቃጥልም» አላቸው። ሳቁ፤ አቅፈውም ሳሙት። በጀሪካን ይዘነው በመጣነው ጥቂት ውሃ ዉዱእ አደረግን፤ አባታችን ተቀምጠው፣ እኛ ቆመን፣ በዚያ ድምፅ ውስጥ ዙህርን ሰገድን።

በመልሱ ጉዞ አባታችን በመስኮቱ የኤሌክትሪክ መስመሩን የብረት ምሰሶዎች እያዩ ነበር። ባሕር ዳር ልንገባ ስንል «ልጄ፣ አላህ ይስጥህ። አደረስከኝ» አሉን። አደረስናቸውን? መቶ እርምጃ ብቻ! በ1996 መስከረም ወስደናቸው ቢሆን ኖሮ ከእኛ ቀድመው ገደሉ ፊት ይቆሙ ነበር። እርሳቸው አመሰገኑን፤ እኛ አንገታችንን ደፋን።

አባታችን ዛሬም በሕይወት አሉ፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ጉልበታቸው ከግቢ አያስወጣቸውም። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ጤነኛ እግር ላለውም ቢሆን መንገዱ እንደ ልብ አልሆነም። ያችን ቅዳሜ «ለከርሞ» ብለናት ቢሆን ኖሮ፣ ከርሞ አልነበረችም።

ለቤተሰብ ጥቂት ምክር

ወደ ጢስ አባይም ሆነ ወደ ሌላ ፏፏቴ ለመሄድ የምታስቡ ወላጆች፣ ከእኛ ስሕተት ተጠቀሙ። በመጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው ጠይቁ። ቀጥሎ ወቅቱን ዕወቁ። የጢስ አባይ ውሃ የሚበዛው ክረምቱ ሲያበቃ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ጣና እንደ ትልቅ ጋን ነው፤ ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ቢወርድም ሐይቁ ቀስ ብሎ ሞልቶ ነው አብዝቶ የሚለቀው። በሐይቁ አፍ፣ ጨረጨራ ላይ፣ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ውሃውን የሚቆጣጠር መዝጊያ ያለው ግድብ ስላለ፣ ከመነሣታችሁ በፊት «ውሃው እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ አትከስሩም።

የማያዳልጥ ጫማ አድርጉ። ከዐለቱ ጫፍ ራቁ፤ የሕፃናትን እጅ አትልቀቁ፤ ለፎቶግራፍ ብላችሁ ወደ ኋላ አትራመዱ። የመንገድ መሪና የጀልባ ዋጋ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ከተነጋገራችሁ በኋላ ግን አትከራከሩ፤ የሰዎቹ እንጀራ ነው። የበላችሁበትን ፌስታልና የጠጣችሁበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛችሁ ተመለሱ። ውሃው ወደ ታች ወራጅ ነው፤ እኛ የጣልነውን የሚቀበል ሌላ ሰው አለ።

ወጣቶች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። ዛሬ ማታ መብራት አብርታችሁ ስታጠኑ፣ ያ ብርሃን ከየት ወንዝ እንደ መጣ ጠይቁ። ከዚያም አባታችሁን ወይም እናታችሁን፣ «ልታዩት ፈልጋችሁ ያላያችሁት ነገር ምንድን ነው?» በሏቸው። የሚነግሯችሁ ነገር ብዙ ጊዜ ሩቅ አይደለም፤ 30 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። ሲነግሯችሁ «ኢንሻአላህ» በሉ፤ ብላችሁም አትቁሙ፤ ቀኑን ጥሩ፣ መኪናውን ጠይቁ፣ ስንቁን አዘጋጁ። የምር ኢንሻአላህ ማለት ያ ነው።

እኛም ያን ተማሪ አልረሳነውም። በማግስቱ ጧት ገና ክፍል እንደ ገባን መጀመሪያ ያየነው የእርሱን ደብተር ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።